ፀጉሩ ሳይረግፍ ያረጀ ጎማ፦ የጁባ ነጋዴዎች የመጋዘን ታሪክ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ጎማ ነው። መንገድ ላይ ስለሚያልቀው ጎማ አይደለም፤ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሄድ መጋዘን ውስጥ ስለሚያረጀው ነው። ኪሳራችንን ለማውራት ብቻ አይደለም የምንጽፈው። ዛሬም ጁባ ውስጥ በብዙ ኮንቴነር እንዲህ ያለ ጎማ ተቀምጧል፤ ጎማ ላይ ደግሞ የሚሳፈረው ሰው ነው። ዓመቶቹን የጻፍነው በዚህ አገር የሥራ አቆጣጠር፣ ማለትም በፈረንጆቹ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2017 መጨረሻ ላይ ነው። ከከስተም ገበያ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ ተዘግቶ የቆየ ኮንቴነር ነበረን። ከኋላ ተደብቆ ስለነበር ከሁለት ዙር ዝርፊያ ተርፏል። በሩን ስንከፍት እንደ ምድጃ ያለ ሙቀት ፊታችንን መታን። ቆጠርን። 80 ያህል የጭነት መኪናና የሚኒባስ ጎማ፣ አንድም አልጎደለም። እግዚአብሔርን አመሰገንን።

ምስጋናችን ግን ብዙ አልቆየም። አቧራውን በጨርቅ ስንጠርግ የጎማዎቹ ጎን ላይ፣ ጽሑፉ ባለበትና ወደ ቸርኬው በኩል፣ እንደ ተረከዝ ንቃቃት ያለ ቀጭን ስንጥቅ አየን። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚኖረው ትናንሽ የላስቲክ ፀጉር ግን እንዳለ ነው።

«ፀጉሩ እኮ አልረገፈም!» አለ ከመካከላችን ታናሹ። «መንገድ ያላየ ጎማ እንዴት ያረጃል?»

በዚያው ሳምንት የኒሙሌ መስመር ሾፌር የሆነ ሐበሻ ደንበኛችን ለፊት የሚሆን ሁለት ጎማ ፈልጎ መጣ። ከእኛ ውስጥ ትልቁ ጋሼ ናቸው፤ አዲስ አበባ በወጣትነታቸው ጎሚስታ ነበሩ። ጎማውን አገላብጠው አዩና፣ «ወንድሜ፣ ይሄንን ለፊት አልሸጥልህም» አሉት።

«ጋሼ፣ አዲስ አይደለም እንዴ? ትንሽ ይቀንሱልኝና ልውሰደው።»

«ችግሩ ዋጋው አይደለም። ይሄ ጎማ ቢፈነዳብህ መሪው ከእጅህ ይወጣል።»

ሾፌሩ የደበቅነው ነገር ያለ መስሎት ተቆጥቶ ሄደ። እኛም እርስ በርሳችን ተጨቃጨቅን። አንዱ «ካፒታላችን እኮ ነው፤ ጥቁር ቀለም ቀብተን እንሽጠው፤ ሌላው ሁሉ የሚያደርገው ነው» አለ። ሌላው «የወንድማችንን ልጅ በዚያ መኪና ትልካለህ?» አለው። ሳንስማማ ተበተንን። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ጠየቅን፣ ብዙም አነበብን። ያገኘነው መልስ ሁለት ታሪክ ሆነ፤ አንዱ የጎማ፣ ሌላው የራሳችን።

ስሙ ከጣሊያን፣ ዕቃው ከዛፍ

ጎማ የሚለውን ቃል ያወረሱን ጣሊያኖች ናቸው። በእነርሱ ቋንቋ ቃሉ ሙጫንም ላስቲክንም ይጠራል። ጎሚስታው፣ ከመነዳሪውና ስኮርታውም በዚያው በኩል የመጡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። ጁባ ስንደርስ በሱዳን ዓረብኛ ላስቲክ ሲሉት ሰማን፤ ከኬንያ ሾፌሮች ጋር ደግሞ በስዋሂሊ ታይሪ አልን። ስሙ ብዙ ነው፤ ጠባዩ ግን የትም ቦታ አንድ ነው።

መነሻው የአማዞን ዛፍ ወተት ነው። በ1830ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የላስቲክ ጫማና ኮት እንደ ጉድ ተሸጠ። በጋ ሲመጣ ዕቃው ቀለጠ፣ ሸተተም፤ ክረምት ሲሆን እንደ እንጨት ደረቀ። ገዢዎች ዕቃውን በገፍ እየመለሱ ገንዘባቸውን ጠየቁ። ለነጋዴ ከዚህ የባሰ ምን አለ? ቻርልስ ጉድይር የሚባል ሰው በ1839 ላስቲክን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ በእሳት ቢያሞቀው ጠንካራና ተለጣጭ ሆኖ እንደሚቀር አገኘ። በ1844 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ሀብቱን ግን ሌሎች በሉት፤ በ1860 የሞተው በዕዳ ተዘፍቆ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ፋብሪካ በ1898 የተቋቋመው በሌሎች ሰዎች ነው፤ ስሙን ለመታሰቢያ ወሰዱ እንጂ ከቤተሰቡ ጋር ዝምድና የለውም።

በ1876 ሄንሪ ዊካም የተባለ እንግሊዛዊ 70,000 ያህል የዛፉን ዘር ከብራዚል ወደ ለንደን ወሰደ። ከዚያ የበቀለው ችግኝ ወደ እስያ ተሻግሮ የማላያ ትልልቅ እርሻዎች ተነሡበት። በ1888 ጆን ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ ለልጁ ሳይክል በአየር የሚሞላ ጎማ ሠራ፤ የመኪናውም ዘመን ተከተለ።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው። ጉድይር ድኙን የቀላቀለው ላስቲክ በሙቀት እንዳይበላሽ ነበር። ድኙ ረዣዥሞቹን የላስቲክ ክሮች እንደ ድርና ማግ እርስ በርስ አስተሳሰራቸው። ሙቀትና ጊዜ ግን ሥራቸውን አላቆሙም፤ ፍጥነታቸው ቀነሰ እንጂ።

የሚሰነጥቀው ድርቀት አይደለም

ብዙዎቻችን ጎማ የሚሰነጠቀው፣ ከሌማት ወጥቶ ንፋስ እንደመታው እንጀራ ውኃው ስለሚደርቅ ይመስለን ነበር። እንዲያ ቢሆን ውኃ በረጨንበት! አንዳንዶቻችን ረጭተናልም። ጎማ ውስጥ ግን የሚደርቅ ውኃ የለም። ጠላቶቹ ሌሎች ናቸው፤ ዋናዎቹም ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ቀስ እያለ ወደ ጎማው ውስጥ ይገባና የላስቲኩን ክሮች ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ከመጠን በላይ ያስተሳስራል። ጎማው ይደርቃል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። ሥራውን የሚያፋጥንለት ሙቀት ነው። የኬሚስትሪ ሰዎች በግምት የሚናገሩት ደንብ አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር እንዲህ ያለው ለውጥ በእጥፍ ያህል ይፈጥናል። 25 ዲግሪ ላይ 4 ዓመት የሚፈጅ እርጅና 45 ዲግሪ ላይ በ1 ዓመት ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ጁባ በየካቲትና በመጋቢት ጥላ ሥር እንኳ 37 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይሆናል። ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ኮንቴነር ውስጡ ቀን ቀን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ ሥራውን ሠርቶ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው ኦዞን ነው። ኦዞን የኦክስጅን ዘመድ ነው፤ ኦክስጅን ሁለት አቶም ሲሆን ኦዞን ሦስት ነው። አየር ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው፤ በመቶ ሚሊዮን የአየር ክፍል ጥቂት ክፍል ብቻ ቢኖር ላስቲክ ለመሰንጠቅ በቂ ነው። ጠባዩ ግን ልዩ ነው፦ የላላውን ላስቲክ ብዙም አይነካም፤ የተወጠረውን ይቆርጣል። ስንጥቁም ምንጊዜም ውጥረቱን አቋርጦ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦ አንድ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ወጥራችሁ እንጨት ላይ እሰሩና ደጅ አንጠልጥሉ፤ ሌላውን ሳትወጥሩ ከጎኑ አስቀምጡ። ቀድሞ ተቆራርጦ የሚበጠሰው የትኛው እንደሆነ ታያላችሁ።

የእኛ ጎማዎች ለምን ጎናቸው ላይ እንደተሰነጠቁ የገባን ያኔ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብለን አንዱን በአንዱ ላይ እስከ ጣሪያ ከምረናቸው ነበር። ከታች ያሉት ተጨፍልቀው ለ4 ዓመት ተወጥረው ቆዩ። አንዳንዶቹ ደግሞ ከሻጩ የመጡት አንዱ ጎማ በሌላው ሆድ ውስጥ ተጠቅልሎ ገብቶ ነው። አንድ ኮንቴነር ብዙ ጎማ እንዲይዝ ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው፤ የውስጡ ይታጠፋል፣ የውጭው ይለጠጣል፣ ከቸርኬ ጋር የሚገጥመው ጠርዝም ይጎዳል። ያተረፍን የመሰለን የማጓጓዣ ዋጋ እዚያው ላይ ጠፋ።

ፀሐይስ? የፀሐይ ጨረር ላስቲክን ይጎዳል፤ ለዚህ ግን ጎማ አንድ ጋሻ አለው። ድሮ ጎማ ነጭ ነበር ብንላችሁ ታምናላችሁ? የላስቲኩ መልክ ራሱ ነጣ ያለ ነው፤ ዚንክ ኦክሳይድም ይጨመርበት ነበር። በ1904 እንግሊዝ አገር ሲልቨርታውን በሚባል ቦታ ጥቀርሻ መሳይ የካርቦን ዱቄት ላስቲክን እጅግ እንደሚያጠነክር ታወቀ፤ በ1910ዎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች ያዙትና ጎማ ጠቆረ። ያ ጥቁር ዱቄት ጨረሩን ይውጣል። ጨረሩን ይችላል ማለት ግን ሙቀቱን ይችላል ማለት አይደለም፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ላይ ምን ያህል እንደሚግል ሁላችንም እናውቃለን።

ከጦር መጋዘንና ከሎስ አንጀለስ የመጣ ትምህርት

ኦዞን ላስቲክ እንደሚሰነጥቅ በሚገባ የተጠናው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1942 ጃፓን ማላያንና ሲንጋፖርን ስትይዝ አሜሪካ አብዛኛውን የተፈጥሮ ላስቲክ አጣችና ከነዳጅ ዘይት ሰው ሠራሽ ላስቲክ በፍጥነት ማምረት ጀመረች። ጦርነቱ ሲያበቃ ጦሩ ለክፉ ቀን ብሎ መኪናና መለዋወጫ አከማቸ። ጦር ከነጋዴ የበለጠ ዕቃ የሚያስቀምጥ ተቋም ነው፤ የተቀመጠው ላስቲክ ሲሰነጠቅም ጉዳቱን ቀድሞ ያየው እርሱ ነው። ኢሊኖይ ግዛት በሚገኘው የሮክ አይላንድ የጦር መሣሪያ ማምረቻ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ ኦዞንን የሚከላከሉ ኬሚካሎችን ላስቲኩ ውስጥ በመቀላቀል መፍትሔ አገኙ።

በዚያው ዘመን ሎስ አንጀለስ በጭስ ታፍና ነበር። ሰዎች ዓይናቸው ይቃጠላል፤ የመኪናቸው ጎማም ከሌላው ከተማ ቀድሞ ይሰነጠቃል። አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል የኬሚስትሪ ሊቅ የመኪናው ጭስ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ ኦዞን እንደሚፈጥር አሳየ። ኦዞኑን ለመለካት ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ የታጠፈ ላስቲክ አየር ላይ አስቀምጦ ስንጥቁን ማየት ነበር። እኛ ኪሳራ ያልነው ስንጥቅ ለእርሱ መለኪያ ሆነለት። ጭስና ፀሐይ ኦዞን ይፈጥራሉ ሲባል ደግሞ የጁባን በጋ አስቡት፤ የሣር ቃጠሎው ጭስ፣ የቆሻሻው ጭስ፣ የጄኔሬተሩ ጭስ፣ ከላይ ያቺ ፀሐይ።

ከዚያ ወዲህ የሚሠራ ጎማ ውስጥ ሰም እና ፀረ-ኦዞን ኬሚካል አለ። ሁለቱም ቀስ በቀስ ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጡ ላዩን ይሸፍኑታል። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተታችንን እንንገራችሁ። አንደኛ፣ ተቀምጦ የቆየ ጎማ ላዩ ቡናማ ሲሆን ቆሻሻ መስሎን በሳሙናና በብሩሽ እንፈትገው ነበር። ያ ቡናማ ነገር ከውስጥ የወጣው መከላከያ ነው፤ እየፈተግን የምናወልቀው ልብሱን ነበር። ሁለተኛ፣ የሚሄድ ጎማ እየታጠፈና እየተዘረጋ መከላከያውን ወደ ላይ ያወጣል፤ የቆመ ጎማ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። የቆመ መኪና ጎማው ቶሎ ይሰነጠቃል የሚባለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ጁባ፣ ጠብቆ መኖር

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ፤ ጎማውን ያስረጀው ሙቀት ብቻ አይደለምና። እዚያ ሙቀት ውስጥ እንዲቀመጥ ያደረገው የአገሩ ታሪክ ነው።

ብዙዎቻችን የመጣነው በ2005 የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። ያኔ ጁባ የድንኳንና የኮንቴነር ከተማ ነበረች፤ ሆቴሉም፣ ቢሮውም፣ ሱቁም ኮንቴነር። ዕቃ የሚመጣው ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ በማላባ፣ በካምፓላና በጉሉ አድርጎ በኒሙሌ ነው፤ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ። ከኒሙሌ ጁባ ያለው 192 ኪሎ ሜትር ፒስታ ነበርና ጎማ ይበላል፤ ስለዚህ ጎማ ይሸጣል። ያመጣነው ወር ሳይሞላው ያልቅ ነበር። ዕድሜውን ለመጠየቅ ጊዜም አልነበረንም።

በሐምሌ 2011 ነጻነት ታወጀ። በ2012 የኒሙሌው መንገድ በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ አስፋልት ለብሶ ተመረቀ። ደስታችን ትልቅ ነበር፤ ቀን ሙሉ የሚፈጀው ጉዞ የጥቂት ሰዓት ሆነ። አስፋልት ግን ፍጥነት ያመጣል፣ ፍጥነት ደግሞ ጎማን ያግላል። ፒስታ ላይ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲንፏቀቅ ዝም ያለ ያረጀ ጎማ፣ አስፋልት ላይ በ100 ሲነዳ ይፈነዳል። መንገዱ ሲሻሻል ያረጀ ጎማ ይበልጥ አደገኛ እንደሚሆን አላሰብንም።

በዚያው በ2012 መጀመሪያ ደቡብ ሱዳን የነዳጅ ምርቷን አቆመች፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። ዶላር ጠፋ። ገበያው ሲቀዘቅዝ በ2013 መጀመሪያ አንድ አስመጪ በርካሽ አንድ ኮንቴነር ጎማ አቀረበልን። ገዛን። የነዳጁ ነገር ሲስተካከል እንሸጣለን አልን። በታኅሣሥ 2013 ግን ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። ገሚሶቻችን በኒሙሌ፣ ገሚሶቻችን በአውሮፕላን ወጣን። ኮንቴነሩ ተቆልፎ ቀረ።

ተመልሰን ስንመጣ ለመሸጥ ቸኮልን? አልቸኮልንም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ዋጋ እያጣ ነበር። በታኅሣሥ 2015 መንግሥት የዶላሩን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው፣ ከ3 ፓውንድ በታች የነበረው ይፋዊ ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ከ18 ፓውንድ አለፈ። በ2016 የዋጋ ንረቱ ከ800 በመቶ በላይ ደረሰ። ዛሬ የሸጥከው ዕቃ ገንዘብ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ዕቃ አይተካም። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ሐሳብ ያዝን፦ ወረቀት ከመያዝ ዕቃ መያዝ። ስኳርና ዱቄት ይበላሻሉ፤ ጎማ ግን አይበላሽም፣ ወርቅ ነው ተባባልን። ሐምሌ 2016 እንደገና ጦርነት ሆነ፤ ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። ኮንቴነሩ ሲተርፍ ወርቃችን የተረፈ መሰለን።

ገንዘባችን እንዳይቀልጥ ጎማ ውስጥ ደበቅነው፤ ጎማው ግን እርሱም በራሱ መንገድ እየቀለጠ ነበር። ይህንን ነው ለማወቅ 4 ዓመት የፈጀብን።

ታሪኩ በ2017 አላበቃም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ማላባና ኤሌጉ ላይ ካሚዮኖች በምርመራ ወረፋ ለቀናት ቆሙ። በ2021 በጁባ መንገዶች ላይ ሾፌሮች ሲገደሉ የኬንያና የኡጋንዳ ካሚዮኖች መምጣት አቁመው ነበር። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃ ይቆማል። እህል ሲቆም ሽታው ይነግረናል። ጎማ ሲቆም ግን ምንም አይናገርም።

አራቱ ቁጥሮች

ምንም አይናገርም ብንልም፣ የተወለደበት ቀን ግን ተጽፎበታል። ጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ጀምሮ በሚሄደው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2312 ከሆነ በ2012 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካያችሁ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ሻጩን ተሰናብታችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ጎማውን አገላብጡ። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

የእኛን ጎማዎች ስናነብ አብዛኞቹ 4011 እና በዚያ አካባቢ ሆኑ። በ2013 ስንገዛቸው ከአንድ ዓመት በላይ የሆናቸው ነበሩ። በርካሽ ለምን እንዳገኘናቸው ያኔ ገባን፤ ዕድሜውን ነበር በቅናሽ የሸጡልን።

ዕድሜ ብቻውን ሁሉንም አይወስንም። ጀርመን አገር በሥርዓት የተቀመጠ፣ መንገድ ያልወጣ ጎማ እስከ 5 ዓመት ድረስ አዲስ ተብሎ ይሸጣል። የእነርሱ መጋዘን ግን ቀዝቃዛና ጨለማ ነው። ለላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች ይሁን ይላል። ሚሽሊንን የመሰሉ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ ጎማው በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ይውለቅ ይላሉ። ብዙ የመኪና ፋብሪካዎች 6 ዓመት ላይ ቀይሩ ይላሉ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2007 ለምክር ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት ላይ ከአንድ የመድን ኩባንያ የተገኘ መረጃ አለ፦ ከደንበኞቹ 27 በመቶው የሚኖሩት በ5 ሞቃት ግዛቶች ሲሆን፣ ከጎማ ጋር የተያያዘው የካሣ ጥያቄ 77 በመቶው የመጣው ግን ከእነዚሁ ነው፤ ከዚያም ውስጥ 84 በመቶው ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በላይ የሆኑ ጎማዎች ናቸው። ጁባ ከእነዚያ ግዛቶች የምትቀዘቅዝ ከተማ አይደለችም።

አሁን እንዴት እናስቀምጣለን

ከዚያ ወዲህ ያስተካከልነውን በአጭሩ እንንገራችሁ።

ኮንቴነር ከሌለ አማራጭ፣ ከላዩ በአንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገን ሌላ ጣሪያ ወይም የሣር ዳስ እንሠራለን፤ ፀሐይዋ ብረቱን በቀጥታ እንዳታገኘው። ብርሃን የሚገባበትን ቦታ በማያሳልፍ ሸራ እንሸፍናለን።

በያጅ አጠገብ ጎማ አናስቀምጥም። የኤሌክትሪክ ብየዳ ብልጭታ ኦዞን ይፈጥራል፤ ብልጭ የሚል ሞተርም እንደዚሁ። የጄኔሬተር ጭስ፣ ናፍጣና ዘይት ደግሞ ላስቲክን ያበላሻሉ። ጁባ ውስጥ ጎሚስታውና በያጁ አንድ ዳስ ሥር የሚሠሩበት ቦታ ብዙ ነው፤ ለሥራ ይመቻል፣ ለሚቀመጥ ጎማ ግን አይመችም።

ጎማን መደርደሪያ ላይ አቁመን እናስቀምጣለን፤ በየወሩም እናዞረዋለን፣ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳይቆይ። የግድ መከመር ካለበት ጥቂት ብቻ ለጥቂት ሳምንት። ጎማ በጎማ ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ጭነት አንቀበልም። ከመነዳሪም ታጥፎ አይቀመጥም፤ እጥፋቱ ላይ ነው የሚሰነጠቀው። ለወራት የሚቆም መኪና ካለ በድንጋይ ወይም በእንጨት ድጋፍ ከፍ አድርገን ክብደቱን ከጎማው ላይ እናነሣለን።

ደብተራችንም ተለወጠ። ድሮ የምንጽፈው ዕቃው የገባበትን ቀን ነበር፤ አሁን የተሠራበትን ሳምንት እንጽፋለን። ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ የተሠራው ቀድሞ ይወጣል። ገንዘብ ለማቆየት ብለንም ጎማ አንገዛም።

የኮንቴነሩ ጎማ መጨረሻ

እነዚያ 80 ጎማዎች ምን ሆኑ? ከሳምንት ክርክር በኋላ ጋሼ የተናገሩት አሸነፈ፦ «ከሁለት ጦርነት በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፈን፣ በእኛ እጅ ሰው አይሙት።» ሁሉንም አንድ በአንድ አየናቸው። ስንጥቅ የታየበት ሁሉ እንደ ጎማ እንዳይሸጥ በመጋዝ ተቆረጠ። ካልቆረጥነው አንዱ አንሥቶ ቀለም ቀብቶ እንደሚሸጠው እናውቃለን። የተቆረጠው በረባሶ ለሚሠሩ፣ ገመድ ለሚፈልጡና ለአጥር ሄደ። ስንጥቅ ያልታየባቸው ጥቂት የሚኒባስ ጎማዎች ነበሩ፤ እነርሱንም ዕድሜያቸውን ተናግረን በአህያ ለሚጎተት ጋሪ ብቻ ሸጥን። አብዛኛው ካፒታል ጠፋ። ከመካከላችን አንዱ በዚያ ምክንያት ሥራውን ትቶ አዲስ አበባ ተመለሰ። ይህን ሳንናገር «ትክክለኛውን አደረግን» ብቻ ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ ትክክለኛው ነገር ዋጋ አስከፍሎናል።

ሾፌሩ ያን ቀን ተቆጥቶ ቢሄድም ዛሬም ደንበኛችን ነው። ጎማ ሊገዛ ሲመጣ ግን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የስልኩን ባትሪ አብርቶ አራቱን ቁጥር ያነባል። እኛንም አያምንም። አይመንም፤ እንዲያ ማድረግን ያስተማርነው እኛው ነን።

እናንተም ዛሬ ማታ የመኪናችሁን ጎማ፣ ስኮርታውንም ጭምር፣ በባትሪ እዩት። ኮንቴነር ያላችሁ ደግሞ ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ክፈቱት። ያገኛችሁትን ንገሩን፤ ከእኛ ኪሳራ የእናንተ ትርፍ ይውጣበት። በሰላም ያገናኘን።